ሳቁ ውስጥ የተደበቀው ፍንጭ፦ አስቂኝ የግድያ ምርመራ ፊልም እንዴት ይሠራል? ሲኒማ ቤት ገብተንስ እንዴት እንየው?

አስቂኝ የግድያ ምርመራ ፊልም አይቶ ከሲኒማ ቤት የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱን ይላል፤ «ገና ሲጀምር ነው ያወቅሁት» ወይም «አታለሉን»። የመጀመሪያው ምናልባት ገመተ እንጂ አላወቀም። ሁለተኛው ደግሞ ፊልሙ በወጉ የተሠራ ከሆነ ተሳስቷል። ማስረጃው በሙሉ ዓይኑ ፊት አልፏል፤ ሲያልፍ ግን እሱ እየሳቀ ነበር።

የዚህ ዓይነት ፊልም ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ቀልዱ ጨለማውን ታሪክ ለማጣፈጥ የተነሰነሰ ቅመም የሚመስለው ብዙ ነው። ሥራው ግን ሌላ ነው፤ ፍንጩ የሚቀበረው ቀልዱ ውስጥ ነው። ይህን የተረዳ ተመልካች ፊልሙን በሌላ ዓይን ያየዋል። የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚገባ፣ ምኑን እንደሚከታተልም ያውቃል።

ነገሩ በቅርብ ዓመታት እንደገና መነጋገሪያ የሆነው በፊልም ዳይሬክተሩ ራያን ጆንሰን «ናይቭስ አውት» ነው። ፊልሙ በ2019 በ40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአንድም ፊልም መጨረሻ እዚህ አይነገርም፤ ለማስረዳት የምንጠቀምበት ታሪክ ለዚሁ ሲባል የተፈጠረ ነው።)

ለመሆኑ ይህ ምን ዓይነት ፊልም ነው?

በአጭሩ፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ የሚፈለግበት፣ ፍለጋው ግን የሚያስቅ ፊልም ነው። በውስጡ አራት ነገሮች አይጠፉም፦ ሟች፣ መርማሪ፣ በጣት የሚቆጠሩ ተጠርጣሪዎች፣ እና ከውጭ ሰው እንዳይገባበት የተዘጋ ቦታ። ቦታው ዝናብ የቆረጠው መንደር፣ ደሴት፣ ባቡር ወይም የሀብታም ግቢ ሊሆን ይችላል። ቦታው የሚዘጋው «ከመንገድ የመጣ ሌባ ገደለው» የሚለው መልስ እንዳይኖር ነው። ገዳዩ ከምናያቸው ሰዎች አንዱ መሆን አለበት።

የአገራችን ሰው ይህን አሠራር ከጥንት ያውቀዋል። በቀድሞው አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ፣ ሌብነት ወይም ግድያ ደርሶ አጥፊው ሲሰወር የአካባቢው ነዋሪ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪታወቅም ወደ ቤት መሄድ የለም። መርማሪው ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ ሳሎን ሰብስቦ «ከእናንተ መካከል አንዱ…» ብሎ የሚጀምርበት የመጨረሻው ትዕይንት፣ በአሠራሩ ከአውጫጭኝ ብዙም አይርቅም።

ሁለት ቃላት አብረውን ስለሚዘልቁ ከወዲሁ እንለያቸው። *ፍንጭ* ወደ እውነተኛው ገዳይ የሚመራ ዝርዝር ነው፦ የተሰበረ ብርጭቆ፣ በሰዓቱ ያልጮኸ ውሻ፣ ሰው ማወቅ የማይገባውን ሲያውቅ። *አሳሳች ፍንጭ* ደግሞ እውነት ነው፣ ግን ወደ ሌላ ሰው ይመራል። ልብ በሉ፣ አሳሳች ፍንጭ ውሸት አይደለም። ለምሳሌ፣ አጎትየው ግድያው በተፈጸመባት ሌሊት በእርግጥ በጓሮ በር ሾልኮ ወጥቷል፤ የወጣው ግን ቁማር ሊጫወት ነው።

ገዳዩ ከመጀመሪያው የሚታወቅበት ዓይነትም አለ፤ እዚያ ጥያቄው «ማን?» መሆኑ ቀርቶ «እንዴት ይያዛል?» ይሆናል። ታዋቂው የፊልም ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ ልዩነቱን በጠረጴዛ ሥር ባለ ቦምብ ይገልጸው ነበር። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ቦምቡ በድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል። ቦምቡን አስቀድሞ ቢያየው ግን ያው ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ልብ ይሰቅላል። አስቂኝ የምርመራ ፊልሞች ሁለቱን እየቀያየሩ ይጠቀማሉ። የሆነ ነገር በጊዜ ያሳዩንና «በቃ አወቅን» ብለን ስንዝናና፣ ትልቁን ጥያቄ ከኋላችን ያስቀምጡታል።

በሰው ሞት ይሳቃል ወይ?

ለቅሶ በሚከበርበት ባህል ላደገ ሰው ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ሳቁ በማን ላይ እንደሚያርፍ ሲታይ ይገኛል። በደንብ የተሠራ ፊልም በሟቹ አያስቅም። የሚያስቀው በቋሚዎቹ ነው፦ አስከሬኑ ሳይቀበር ስለ ኑዛዜው በሚጠይቀው ልጅ፣ እንባዋን በመስታወት እያየች በምታስተካክለው ምራት፣ አፉን በሞላ ቁጥር «ሐዘኑ ጎዳኝ» በሚለው አማች። የሚሳቅበት ስስትና ማስመሰል ነው፤ ይህንን ደግሞ በእውነተኛ ለቅሶ ቤትም ያላየ የለም።

ሳቁ እንዳይጎመዝዝ ጸሐፊዎች ሦስት ጥንቃቄ ያደርጋሉ። አንደኛ፣ ሟቹ ተመልካቹ ሳይወደው ይሞታል፤ ወይ ክፉ ነው፣ ወይ ገና አልተዋወቅነውም። ሁለተኛ፣ ደሙና ስቃዩ ከካሜራ ውጭ ይቀራል፤ የምናየው ከመጋረጃ ሥር የወጣ ጫማ ወይም የወደቀ ሲኒ ነው። ሦስተኛ፣ በእውነት የሚያዝን ቢያንስ አንድ ሰው ይኖራል። ይህ ሰው ከሌለ ፊልሙ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ገዳዩ መያዙም ሆነ አለመያዙ ለማንም ግድ አይሰጥም። ብዙ ፊልሞች የሚወድቁት በዚህ በሦስተኛው ነው። ሁሉም ሰው መሳቂያ ሲሆን፣ ፍትሕ የምንመኝለት ሰው ይጠፋል።

ፍንጭ ሳቅ ውስጥ የሚደበቀው እንዴት ነው?

ምሳሌ እንሥራ። አንድ ሀብታም ሽማግሌ ፎቅ ላይ ባለው መኝታ ቤታቸው ሞተው ተገኙ። ከዚያ ክፍል የማትወጣ ነጭ ድመት አላቸው። የቤተሰቡ ጠበቃ ደግሞ ድመት አይስማማውም፤ ያስነጥሰዋል።

ትዕይንት አንድ። ጠበቃው ከግድያው በፊት ሽማግሌውን ሊያነጋግር መኝታ ቤት ገብቷል። ድመቷ ጭኑ ላይ ዘላ ትወጣለች፤ ሲያስነጥስ የኑዛዜው ወረቀት ክፍሉን ሞላው። አዳራሹ ይስቃል። ሠራተኛዋ ወረቀቱን እየለቀመች፣ ድመቷ ከክፍሉ እንዳትወጣ በሩን ዘወትር እንደምትቆልፈው ትናገራለች።

ትዕይንት ሁለት። ከግድያው በኋላ ጠበቃው ቆሞ በሐዘን ድምፅ የሟቹን ታሪክ ያነባል። ሠራተኛዋ ከመኝታ ቤቱ ያወረደችውን አልጋ ልብስ አቅፋ በአጠገቡ ታልፋለች። «ለወገናቸው ሁሉ መከታ የነበሩት…» ብሎ ሳይጨርስ ያስነጥሰዋል። አዳራሹ እንደገና ይስቃል።

ትዕይንት ሦስት። የሟቹ የወንድም ልጅ በማግስቱ ጠዋት ሻንጣ ይዞ ይደርሳል። «ከአዳማ አሁን መግባቴ ነው፤ ይህን ቤት ከረገጥኩ ዓመት አልፎኛል» ይላል። ጠበቃው ሊያጽናናው ያቅፈውና ትከሻው ላይ ሦስት ጊዜ ያስነጥሳል። ከሁሉ የበረታው ሳቅ ይህ ነው። ወዲያው ከጓሮ ጩኸት ይሰማል፤ ሁሉም ይሮጣል።

ገዳዩ ተያዘ እኮ። ትዕይንት ሦስት ላይ ድመት የለችም። የወንድም ልጅየው ኮት ላይ ግን የድመት ፀጉር አለ፤ ስለዚህ ያ ሰው በቅርቡ መኝታ ቤቱ ገብቷል። ተመልካቹ ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገውን ሁሉ ሰምቷል፣ አይቷል። ያላሰበው፣ ማስነጠሱ ለእሱ «ቀልድ» ተብሎ ስለተመዘገበ ነው። አእምሯችን የገባውን ነገር ሥራውን እንደጨረሰ ይቆጥረዋል። «ይህ ለምን እዚህ መጣ?» ብለን ስንጠይቅ «ሊያስቀን» የሚል መልስ በእጃችን ስላለ፣ ሌላ መልስ አንፈልግም።

የሦስቱን ቅደም ተከተል አስተውሉ። የመጀመሪያው ማስነጠስ ሕጉን ይነግረናል፣ ድመት ያስነጥሰዋል። ሁለተኛው ሕጉን ያሰፋዋል፣ ድመቷ ባትኖርም ፀጉሯ ይበቃል። ሦስተኛው በሕጉ ይጠቀማል። ሁለተኛው ቢቀር ፍንጩ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ተመልካቹ ፀጉር ብቻ እንደሚበቃ በምን ያውቃል? አራተኛ ቢጨመር ደግሞ ሰው መጠርጠር ይጀምራል። ከሦስተኛው ሳቅ በኋላ የመጣው ጩኸትም በአጋጣሚ አይደለም፤ ሳቁ ሲበርድ የሚመጣውን የማሰቢያ ጊዜ ለመቁረጥ ነው።

ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም። ሰሙ ያስቃል፤ ወርቁ ይከሳል። ልዩነቱ ቅኔ የሰማ ሰው ወርቅ እንዳለ አስቀድሞ ያውቃል፤ የፊልም ተመልካች ግን የትኛው ቀልድ ሰም ብቻ፣ የትኛው ወርቅ እንደያዘ አይነገረውም። ከአሥር ቀልድ ሰባቱ ባዶ ቢሆኑም ያስፈልጋሉ፤ ሦስቱ የሚደበቁት በነሱ መካከል ነውና።

ትኩረታችን ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የሚያሳይ የታወቀ ማስረጃ አለ። በ2008 የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለመንገድ ደህንነት ባሠራው ማስታወቂያ፣ አንድ መርማሪ በሀብታም ቤት የተፈጸመ ግድያን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያጣራል። ከዚያ ተመልካቹ ይጠየቃል፦ በዚህ መሐል 21 ነገሮች እንደተለወጡ አይታችኋል? ልብሶች፣ ዕቃዎች፣ ወለሉ ላይ የተጋደመው ሰው ሳይቀር ተቀይረዋል። አብዛኛው ሰው አንዱንም አያይም፤ ገዳዩን እየፈለገ ነበርና። ዓላማው አሽከርካሪዎች ብስክሌተኛን እንዲያስተውሉ ማስገንዘብ ነበር፤ ለፊልም ተመልካችም ትምህርቱ ያው ነው።

ታዲያ ይህ ማታለል አይደለም?

ልጅ ሆነን «እንቆቅልሽ» ስንባል «ምን አውቅልህ» እንል ነበር። ካልመለስን «አገር ስጠኝ» ይመጣል። ጠያቂው አገር የመቀበል መብት ያለው መልሱን ጥያቄው ውስጥ ስላስቀመጠ ነው። መልሱ ሲነገር «ለካ!» ካስባለን ተሸንፈናል፤ «ይህን ማን ያውቃል?» ካስባለን ግን እንቆቅልሹ ራሱ ብልሹ ነበር። የምርመራ ፊልምም በዚሁ ይለካል።

ይህን በጽሑፍ ካስቀመጡት አንዱ ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ ነው። በ1929 ለምርመራ ታሪክ አሥር ሕጎች አወጣ። ከነሱ መካከል፦ ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ መጠቀስ አለበት፤ ከአንድ በላይ ምስጢራዊ ክፍል ወይም መተላለፊያ አይፈቀድም፤ ሰው የማያውቀው አዲስ መርዝ አይገባም፤ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ መደበቅ የለበትም፤ ራሱ መርማሪውም ወንጀለኛ መሆን የለበትም። ደራሲዎች ሕጎቹን ሆን ብለው ሲጥሱ ኖረዋል፤ ዋናው ሐሳብ ግን አልተሻረም።

ስለዚህ «አታለሉን» ለማለት ሦስት ነገር ይፈተሽ። ገዳዩን በፊልሙ የመጀመሪያ ሲሶ አይተነዋል? ወሳኙ ዕቃ ወይም ቃል ከመፍትሔው በፊት ታይቷል ወይም ተሰምቷል? ካሜራው ራሱ ዋሽቷል? ሰው ሲዋሽ ጨዋታው ይፈቅዳል፤ ተጠርጣሪ ቢዋሽ አይገርምም። ተጠርጣሪው ሲናገር ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ካሜራው ካሳየን ግን፣ ያንን በኋላ ማረም የፊልሙ ዕዳ ነው።

ተመልካችም በበኩሉ አቋራጭ ይሞክራል። በጣም የታወቀው «ትልቅ ተዋናይ ለትንሽ ገጸ ባሕርይ አይከፈለውም፤ ስለዚህ ገዳዩ እሱ ነው» የሚለው ነው። ፊልም ሠሪዎች መድኃኒቱን ካገኙ ቆይተዋል፤ ሁሉንም ሚና በታዋቂ ሰው ይሞሉታል። በእነዚህ ፊልሞች ፖስተር ላይ ስምንትና አሥር ትልልቅ ስሞች የሚደረደሩት ለገበያ ብቻ አይደለም። ሌላው አቋራጭ ስልክ ነው። ራያን ጆንሰን በ2020 እንደተናገረው፣ አፕል ኩባንያ አይፎን በፊልም ውስጥ እንዲታይ ይፈቅዳል፤ ክፉው ሰው ግን በካሜራ ፊት እንዲይዘው አይፈቅድም። እሱ ራሱ ይህን ሲናገር፣ ምስጢር የሚሠራ የፊልም ሰው ሁሉ ሊቆጣው እንደሚችል ያውቅ ነበር።

ቤት ቁጭ ብሎ ማየት እያለ ለምን ሲኒማ ቤት?

የመጀመሪያው ምክንያት ሳቅ ነው። ሳቅን ያጠናው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሮበርት ፕሮቫይን፣ ሰው ከሌሎች ጋር ሲሆን ብቻውን ከሚሆንበት ጊዜ 30 እጥፍ ገደማ አብዝቶ እንደሚስቅ ጽፏል። ፍንጩ የሚደበቀው ሳቅ ውስጥ ከሆነ፣ ሳቁ በጎደለበት ሳሎን መደበቂያው ሳስቷል ማለት ነው። ብቻውን የሚያይ ሰው ትዕይንት ሦስት ላይ ፈገግ ብሎ ያልፍና «ድመቷ የታለች?» ለማለት ጊዜ ያገኛል። ሦስት መቶ ሰው ሲስቅ ግን ያ ጊዜ የለም።

ሁለተኛው፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልሙ አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ፍንጩ በአንድ ጊዜ ዕይታ ልክ ነው የተመጠነው። እያቆሙ የሚያዩት ከሆነ፣ እንቆቅልሹን ጠያቂው አፍ ላይ እጅ ጭኖ እንደመመለስ ነው።

ሳቅ የራሱ ችግርም አለው፤ ቀጣዩን ቃል ይውጣል። ስለዚህ አዘጋጆች ፊልሙን ከመጨረሳቸው በፊት ለሙከራ ተመልካች ያሳዩታል፣ የሳቁን ርዝመት ይለካሉ፣ ከዚያም ከቀልዱ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ያለ ንግግር ያልፋል፤ ተዋናዩ መነጽሩን ይወለውላል፣ በር ይከፈታል። ቤት ውስጥ ይህ ክፍተት ፊልሙ የተንቀራፈፈ ያስመስለዋል። በአዳራሽ ግን ልኩ ነው።

በአንድ ወቅት ሲኒማ ቤቱን ራሱን የጨዋታው አካል ያደረገ ሙከራ ነበር። ከ1949 ጀምሮ በእንግሊዝ በተሸጠው የግድያ ምርመራ የጠረጴዛ ጨዋታ ላይ የተመሠረተው «ክሉ» የተባለ ፊልም በታኅሣሥ 1985 ሲወጣ ሦስት የተለያየ መጨረሻ ነበረው። አንዱ ሲኒማ ቤት አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ያሳያል፤ የጋዜጣ ማስታወቂያም የትኛው ቤት የትኛውን እንደያዘ በፊደል ይለይ ነበር። የታሰበው ሰው ሦስት ጊዜ ትኬት እንዲገዛ ነበር። ሰው ግን የትኛውን መርጦ እንደሚገባ ግራ ገብቶት ቀረ፤ ፊልሙም ያኔ አልተሳካለትም። በኋላ በቪዲዮ ሲወጣ ሦስቱም መጨረሻዎች ተከታትለው ገቡና እስከ ዛሬ ወዳጅ አፍርቷል። እንቆቅልሽ ሦስት መልስ ካለው ተመልካቹ ፍንጭ መሰብሰቡን ይተዋል፤ ቅሬታው የመጣው ከዚህ ይመስለናል።

በ2022 ደግሞ የ«ናይቭስ አውት» ተከታይ የሆነው «ግላስ አንየን» በአሜሪካ በ600 ገደማ ሲኒማ ቤቶች ለአንድ ሳምንት ብቻ ታይቶ ወረደ፤ ከኅዳር 23 እስከ 29። ከአንድ ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 23፣ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። በመካከሉ ያለፈው ወር መጨረሻውን ከማኅበራዊ ሚዲያ ለመሸሽ ረጅም ነው። በአዳራሽ ማየት የቻለ ሰው በማይደገም ዕድል ተጠቅሟል።

የት ልቀመጥ? መቼስ ልግባ?

የአዳራሹን ርዝመት ለሦስት ክፈሉና ከስክሪኑ ሁለት ሦስተኛ ያህል ራቅ ብላችሁ፣ መሐል ላይ ተቀመጡ። 20 ረድፍ ቢኖር ከ12ኛው እስከ 14ኛው ማለት ነው። የአዳራሹ ድምፅ የሚመጠነው በዚያ አካባቢ ሆኖ ነው። ንግግር የሚወጣው በዋናነት ከስክሪኑ ጀርባ መሐል ካለው ድምፅ ማጉያ ስለሆነ፣ ከጎን የተቀመጠ ሰው ሹክሹክታ ያመልጠዋል። ዓይንም ምክንያት አለው። በሰፊው የስክሪን ቅርጽ 12 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ቁመቱ 5 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ወርድ ላይ ስምንት ተጠርጣሪ ተደርድሮ ይቀመጣል። የፊት ረድፍ ላይ ያለ ሰው የሚናገረውን ሲያይ፣ በዳር ያለው ሰው ብርጭቆ ሲቀያይር አያይም።

መዘግየት በዚህ ዓይነት ፊልም ከየትኛውም ይከፋል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሰው የማስተዋወቂያ፣ የቤቱን አቀማመጥ የማሳያ ጊዜ ናቸው፤ ቀልዱ ገና ስላልሞቀ ተራ ይመስላሉ። ብዙ ፍንጭ የሚዘራው እዚያ ነው። ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ» ሲወጣ፣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ ሲኒማ ቤቶችን አስገድዷል። ዛሬ በአብዛኛው የሚከለክል የለም፤ ስለዚህ ራሳችሁን ከልክሉ። ማስታወቂያው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ገምቶ መዘግየት አያዋጣም፤ ከሲኒማ ቤት ሲኒማ ቤት ይለያያል።

ፊልሞቹ ረጅም ናቸው። «ናይቭስ አውት» 130 ደቂቃ፣ «ግላስ አንየን» 139 ደቂቃ ነው። ትልቁን ብርጭቆ ለስላሳ ተዉት። የግድ መውጣት ካለባችሁ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓትና የመጨረሻው 25 ደቂቃ አይነካ። የተሻለው ጊዜ መርማሪው የአንድ ተጠርጣሪ ጥያቄ ጨርሶ ታሪኩ ወደ ሌላ ቦታ በመኪና ሲጓዝ ነው። ስልካችሁንም አጥፉት። አንዴ ካበራችሁት ዓይናችሁ ጨለማውን መልሶ እስኪለምድ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ በነዚያ ደቂቃዎች በጨለማ ኮሪደር የሚሄደው ሰው ጥላ ብቻ ይሆንባችኋል። የጎረቤታችሁም ዓይን እንዲሁ።

ቋንቋው ካልተመቸኝስ?

ይህ ጉዳይ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ተመልካችን ይመለከታል፤ ጉዳቱም ከሚታሰበው ይበልጣል። የግርጌ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ ሲጀመር ሙሉውን ይወጣል። ፈጥኖ ያነበበ ሰው ተዋናዩ ሳይጨርስ ይስቃል፤ ከዚያ ተዋናዩን የሚሰሙት ይስቃሉ፤ በሁለቱ ሳቅ መካከል ያለው ቃል ይጠፋል። ከዚህ የሚብሰው የዓይን ነገር ነው። ስክሪኑ ግርጌ ላይ ያለ ዓይን እጅ የሚሠራውን አያይም። ጽሑፉን በአንድ እይታ አንሥቶ ወደ ፊትና ወደ እጅ መመለስን ልመዱ። ግማሹ ቃል ቢያመልጥ ይሻላል፤ መርማሪው በኋላ ይደግመዋል፤ ምስሉን ግን ሁልጊዜ አይደግመውም።

በውጭ ላሉም የየአገሩ ልማድ ይለያያል። በጀርመን አብዛኛው የውጭ ፊልም በጀርመንኛ ድምፅ ተተክቶ ይታያል፤ በዋናው ቋንቋ የሚፈልግ ሰው የፕሮግራሙ ዝርዝር ላይ «ኦ ፋው» የሚል ምልክት ያለበትን፣ ከጀርመንኛ ግርጌ ጽሑፍ ጋር ከሆነ ደግሞ «ኦ ኤም ኡ» ያለበትን ይምረጥ። በእስራኤል የእብራይስጥ ጽሑፍ ከሥር ይመጣል። በአሜሪካ ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች የንግግሩን ጽሑፍ የሚያሳይ መሣሪያ ትኬት መቁረጫው ጋ ሲጠየቁ ያውሳሉ፤ መስማት ለተሳናቸው የተዘጋጀ ቢሆንም እንግሊዝኛ በፍጥነት ለሚያመልጠውም ይረዳል። በባሕረ ሰላጤ አገሮች ሳንሱር ትዕይንት ሊቆርጥ ይችላል፤ እዚያ ፊልም አይታችሁ መፍትሔው ከሰማይ የወረደ ከመሰላችሁ፣ ፍንጩ ከተቆረጠው ክፍል ጋር ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ገዳዩን ቀድሜ ለማወቅ ምኑን ልከታተል?

ከሁሉ በፊት የተደጋገመውን ቀልድ ቁጠሩ። አንድ ጊዜ የመጣ ቀልድ ቀልድ ነው። ሁለተኛ ሲመጣ ልብ በሉት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ «ከበፊቶቹ በምን ይለያል?» በሉ፤ ድመቷ የለችም፣ ሰዓቱ ሌላ ነው፣ ሌላ ሰው ነው ያስነጠሰው። መልሱ ያለው በልዩነቱ ውስጥ ነው።

ከዚያ ሥራ የሌለው የሚመስለውን ሰው ፈልጉ። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ወይ ታሪኩን ይገፋል፣ ወይ ያስቃል። ሁለቱንም ሳያደርግ በየትዕይንቱ የሚገኝ ሰው ካለ የተቀመጠበት ምክንያት አለ። በተቃራኒው፣ በፊልሙ እኩሌታ ላይ ማስረጃው ሁሉ የሚያመለክተው ሰው ገዳይ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ገና አንድ ሰዓት የሚሞላ ታሪክ ያስፈልጋልና። «እሱ ነው» የተባለው ሰው በመካከሉ ራሱ ቢሞት አትደንግጡ፤ የቆየ ልማድ ነው።

ሰዓትን ተከታተሉ። ተጠርጣሪ «በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ነበርኩ» ሲል በምን እንደሚያረጋግጥ ስሙ። ማረጋገጫው ሌላ ተጠርጣሪ ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱም ገና ነፃ አይደሉም። ሲያስቁ የነበሩት ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው መመስከራቸውን በሳቁ መሐል እንረሳዋለን።

ሟቹ በእርግጥ መገደል የተፈለገው ሰው መሆኑንም ጠይቁ። ወንበር ተቀያይሯል? ብርጭቆ ተቀያይሯል? ኮት ተውሷል? እነዚህ መቀያየሮች ሁልጊዜ በቀልድ ተሸፍነው ነው የሚመጡት፤ ሰካራሙ እንግዳ የሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ያስቃል።

ይህን ሁሉ እያደረጋችሁ መሳቅ ግን አትተዉ። እንደ ፈታኝ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ፍንጩን ቢያገኝም ፊልሙን አጥቶታል።

መጨረሻውን ለሰው መንገር ለምን ይከፋል?

ለንደን ውስጥ ከኅዳር 25 ቀን 1952 ጀምሮ የሚታይ፣ የእንግሊዛዊቷ የምርመራ ታሪክ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲ ቴያትር አለ፤ በኮቪድ ምክንያት ከመጋቢት 2020 እስከ ግንቦት 2021 ተቋርጦ ነበር። ትርኢቱ ሲያልቅ ታዳሚው ምስጢሩን ለሌላ እንዳይናገር ይለመናል። አገሩን የሰጠ ሰው መልሱን ገዝቶታል፤ ገና ላልተጠየቀ ሰው ግን መልሱን ቀድሞ መንገር እንቆቅልሹን መግደል ነው። ትሬለርም ቢሆን በልክ ይታይ፤ ትልልቆቹ ሳቆች ተለቅመው የሚገቡት እዚያ ነው፤ ከሳቁ ጋር ፍንጩም ይገባል።

መጨረሻውን አውቆ ሁለተኛ ጊዜ መግባት ግን ሌላ ደስታ አለው። በዚያን ጊዜ የሚናገረውን ሰው ተዉትና ገዳዩን ብቻ ተመልከቱት፤ በተለይ ሌላው ሁሉ በሚስቅበት ሰዓት። ጠበቃው ትከሻው ላይ ሲያስነጥስ ክፍሉ ሁሉ ይስቃል። የወንድም ልጅየው ግን ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ኮቱን ያያል፣ በእጁም ጠረግ ያደርገዋል። በመጀመሪያው ዕለትም ጠርጎት ነበር።